«ገንዘብ ሞልቷል» አሉ!

ኮደሩ፦ ሰሞኑን አንድ ባለሀብት ስለ ስታርትአፕ (አዲስ ሐሳብ ይዞ ስለሚነሳ ጀማሪ ድርጅት) ሲጠየቁ «አገር ውስጥ ገንዘብ ሞልቷል፣ የጠፋው የሚያዋጣ ሐሳብ ነው» ብለው አረፉት። የት ነው የሞላው? ባንክ ሄደህ ሐሳብህን ስታስረዳ የሚጠይቁህ የቤት ካርታ ነው። ካርታ ቢኖረኝማ ቤቴን አከራይቼ እተኛ ነበር።

የባንክ ልጅ፦ እንደ ልማዳችሁ ባንክ ላይ ዝመቱ። የምናበድረው የአስቀማጭ ገንዘብ ነው፤ አንተ ዘግተህ ስትጠፋ ለእሱ ምን እንበለው? በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ በ2015 ነሐሴ የብድር ዕድገት ላይ 14 በመቶ ጣሪያ ጥሎብናል። በኋላ ከፍ ቢልም ለነባሩ ደንበኛ እንኳ መች በቃ። ላንተ የሚሆንህ ኪሳራውንም አብሮህ የሚጋራ ባለ አክሲዮን ነው።

ሒሳብ ሠሪዋ፦ ሰውየው እውነታቸውን ነው። ገንዘቡ አለ፣ ግን ፎቅና መሬት ውስጥ ገብቷል። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። ይህን ያየ ሰው ብሩን ላንተ አፕ ሰጥቶ ሰባት ዓመት ይጠብቃል?

አባ መላ፦ ገንዘብ ከሞላ ኢትዮ ቴሌኮም ለምን አልተሸጠም? በ300 ብር ሒሳብ 100 ሚሊዮን አክሲዮን አቅርቦ የተገዛው 10.7 ሚሊዮን ነው። እሱ ደግሞ አገር የሚያውቀው፣ አትራፊ ድርጅት ነው።

ሒሳብ ሠሪዋ፦ ጋሼ፣ ግማሹን ብቻ አይንገሩን እንጂ። አንድ ሰው ከ3,333 አክሲዮን በላይ እንዳይገዛ ተከልክሎ ነበር፤ ሚሊዮን ብር እንኳ አይሞላም! ትልቁን ገንዘብ በር ላይ መልሰው «ሞልቷል ስትሉ የት አለ» ይላሉ?

አባ መላ፦ ትንሹስ መች ተጋፋ ልጄ?

ኮደሩ፦ የውጭውም ያው ነው። አፍሪካ የሚገባው ቬንቸር ካፒታል፣ ማለትም ጀማሪ ድርጅት ውስጥ ድርሻ የሚገዛው ገንዘብ፣ አብዛኛው ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ላይ ያልቃል። እኛ ጋ ብቅ ያለውም መጀመሪያ «አሜሪካ፣ ዴላዌር ግዛት ተመዝገብ» ይልሃል።

ተራ ዜጋ፦ አንተም ሮጠህ ትመዘገባለህ! ቀን «የአገር ልጅ ደግፉ»፣ ማታ የአሜሪካ ድርጅት።

ኮደሩ፦ ምን ላድርግ? የቬንቸር ፈንድ የሚገባው በኋላ ድርሻውን ሸጦ ሊወጣ ነው። እዚህ ድርሻውን ለማን ይሽጥ?

የባንክ ልጅ፦ ጥር 2017 የአክሲዮን ገበያ ተከፈተልህ አይደል እንዴ?

ኮደሩ፦ አዎ፣ ቀድሞ የተመዘገበው ማን ሆነና? ወጋገን ባንክ። ዞሮ ዞሮ ባንክ!

ሒሳብ ሠሪዋ፦ መውጫ የለም አትበሉ። የአሜሪካው የኢንቨስትመንት ድርጅት ኬኬአር እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ዝዋይ ያለው የአፍሪፍሎራ አበባ እርሻ ውስጥ ገብቶ በ2017 ሸጦ ወጥቷል።

አባ መላ፦ አበባው የሚሸጠው በውጭ ምንዛሪ ነው። የዚህ ልጅ አፕ በብር። ምኑን ከምኑ ታገናኙታላችሁ?

ተራ ዜጋ፦ ዴላዌር ያልኩህን ግን ዘለልከው ኮደሩ። ግብሩን ለማን ነው የምትከፍለው?

ኮደሩ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ላትርፍና ትጠይቀኛለህ።