የጋራ ሐሳብ ረቂቅ፦ የሱቅና የሱፐርማርኬት ሠራተኞች ደህንነት፣ ባሕር ዳር

ጸሐፊ፦
ለአሠሪዎች የምናቀርበው ረቂቅ ይህ ነው። ማታ ማንም ብቻውን ሱቅ አይዝጋ፤ ጥሬ ገንዘብ በየሰዓቱ ከመሳቢያ ወጥቶ ካዝና ይግባ፤ ካሜራ ይተከል። የጎደለ ካለ ጨምሩበት።

ካሸር፣ ፓፒረስ አካባቢ፦
የካሜራውን ነጥብ ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ አውርዱት። የሌባውን መልክ ያስቀራል እንጂ ጩቤ አይመልስም። ዋናው ጉዳይ አልተጻፈም፤ የተዘረፈው ሁሉ ከእኛ ደመወዝ መቆረጡ። ልጆቹ ዘራፊ ተከትለው አስፋልት ድረስ የሚሮጡት ጀግንነት አምሯቸው መሰላችሁ? የወር መጨረሻን አስበው ነው። ይኼ ሳይነሳ "ገንዘቡን ስጡና ራሳችሁን አትርፉ" ብንል ማን ይሰማናል?

ዕቃ ደርዳሪ፣ ቀበሌ 14፦
እውነቷን ነው። ለመሆኑ ሕጉ ይፈቅዳል እንዴ?

ጸሐፊ፦
የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59ን እዩት። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ደመወዝ አይቆረጥም። ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ችግሩ ያ የጽሑፍ ስምምነት ነው፤ ብዙዎቻችን ስንቀጠር ሳናነብ ፈርመናል።

የሱቅ ባለቤት (ተጋባዥ)፦
ልጆቼ፣ ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን የሂሳብ ጉድለት ሁሉ "ተዘረፍን" እየተባለ እንዳይሸፈን ዋስትናዬ ምንድን ነው?

ካሸር፣ ፓፒረስ አካባቢ፦
ተገቢ ጥያቄ ነው ጋሼ። በዕለቱ ፖሊስ ዘንድ ይመዝገብ፤ የፈረቃው ኃላፊም ይፈርም። ሁለቱ ካልተሟሉ እንደ ማንኛውም ጉድለት ይጣራ።

ሽያጭ ሠራተኛ፣ አባይ ማዶ፦
መንገዱስ? መብራት በጠፋበት ማታ ሱቅ ዘግተን ባጃጅ ካጣን ድልድዩን የምንሻገረው በእግር ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጥቃትና ትንኮሳ ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 ከቤት ወደ ሥራ ደርሶ መልሱንም ያካትታል፤ ደንበኛ የሚያደርሰውንም ጥቃት እንዲሁ። "ስልክሽን ካልሰጠሽኝ አልከፍልም" ባዩም አይረሳ (በየሱቁ አንድ አይጠፋም)።

ጸሐፊ፦
እንዲህ አስተካክዬዋለሁ። "1. በዝርፊያ ወይም በዛቻ የተወሰደ ገንዘብና ዕቃ፣ በዕለቱ ፖሊስ ዘንድ ተመዝግቦ የፈረቃ ኃላፊ ከፈረመበት፣ ከሠራተኛ አይቆረጥም፤ ቀደም ሲል የተፈረመ ወረቀትም ለዚህ አይጠቀስም። 2. ዘራፊ ማሳደድ የሠራተኛ ግዴታ አይደለም። 3. ደንበኛ ሲዝት ወይም ሲተነኩስ ሠራተኛዋ አገልግሎቱን አቋርጣ ኃላፊ ትጥራ።" የቀድሞዎቹ ሦስት ነጥቦች ከእነዚህ ቀጥለው ይገባሉ፣ ካሜራው መጨረሻ። የማታ ባጃጅ ይጨመር፤ ሂሳቡን ማን ይክፈል የሚለውን ግን ቅዳሜ ስንሰበሰብ እንነጋገርበት።