ቤት ከማደሴ በፊት ከኢንሹራንሱ ምን ላረጋግጥ?

የፍራንኮ ነዋሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ያለው ቤታችን ሊታደስ ነው። የዛገው ቆርቆሮ ይነሳል፣ ወጥ ቤቱ ወደ ጓሮ ይሰፋል፣ የበረንዳው ብረት እዚያው ግቢ ውስጥ ይበየዳል። ቤቱ የባንክ ብድር ስላለበት የእሳት አደጋ ኢንሹራንስ አለው፤ ውሉ ግን ባንክ ነው፣ እኛ ጋ ያለው የአረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ደረሰኝ ብቻ ነው። ሥራው እስኪያልቅ ልጆቼን ይዤ እናቴ ቤት እሰነብታለሁ። ተቋራጩ «ምንም ቢደርስ ኢንሹራንስ አለሽ አይደል?» አለኝ። ንግግሩ አላማረኝም። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምን ልጠይቅ?

ጡረተኛ የካሳ ሠራተኛ፦
ልጄ፣ እውነትሽን ነው፤ እኔንም አላማረኝም። የእሳት ውል በመሠረቱ የሚሸፍነው እሳትና መብረቅ ነው። ግንበኛው አበላሽቶት የተደረመሰ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ በተነሳበት ሌሊት ዝናብ ያበላሸው ዕቃ ውስጡ የለም። የመሬት መንቀጥቀጥም ብዙ ጊዜ በተጨማሪ አረቦን የሚገባ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ሲሰማ የነበረውን አትርሺ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከቤት መውጣትሽ ነው። ብዙ ውሎች ቤቱ ከ30 ቀን በላይ ሰው ካልኖረበት ሽፋኑ ይቋረጣል ይላሉ። በዚያ ላይ ብየዳ አለ። ስጋቱ ሲጨምር ለመድን ድርጅቱ ማሳወቅ ግዴታሽ ነው፤ የቃል ፈቃድ ካሳ ሲጠየቅ አይገኝም፣ በጽሑፍ ተቀበዪ።

የዋስትናውን መጠንም፣ ማለትም ቤቱ በውሉ ላይ በስንት ብር እንደተመዘገበ እዪ። 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በ2 ሚሊዮን ተመዝግቦ 400 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ የተመዘገበው በግማሽ ዋጋው ስለሆነ የሚከፈለውም የጉዳቱ ግማሽ፣ 200 ሺህ ነው። ወጥ ቤቱ ሲሰፋ የቤቱ ዋጋ ይጨምራልና ይስተካከል።

ግንባታ ተቆጣጣሪ፦
ተቋራጩ የራሱ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት (በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት) እና የሠራተኛ ጉዳት ዋስትና አለው? ቅጂ ሲሰጥሽ ወደ መድን ድርጅቱ ደውለሽ ጊዜው አለማለፉን አረጋግጪ። ጓሮው ከጎረቤት አጥር ጋር ከተያያዘ ደግሞ ልብ በይ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2077 ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው።

የፍራንኮ ነዋሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመድን ድርጅቱ የምጽፈው ደብዳቤ ላይ ምን ምን ይግባ አባቴ?

ጡረተኛ የካሳ ሠራተኛ፦
የሥራው ዓይነት፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ብየዳ መኖሩ፣ ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ፣ የተቋራጩ ስም። አንዱን ቅጂ ለባንኩ ስጪ፤ ካሳው ቢመጣ ቀድሞ የሚነካው እሱን ነው። ያንቺ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም ይመታበት። መልሱ በጽሑፍ ሳይደርስሽ ቆርቆሮው እንዳይነሳ።