ለጀማሪዎች የምናዘጋጀው የኖም መነኩሴ፦ የጋራ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለአዲስ ገቢዎች ሞልተን የምንሰጠው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (በዳይስ የምንጫወተው የሚና ጨዋታ) ገጸ ባሕርይ ኖም (ትንሽ ተረታዊ ፍጡር) መነኩሴ (በባዶ እጁ የሚዋጋ) እንዲሆን ተስማምተናል። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛ እትም፣ ደረጃው 3። የዓለት ኖም ይሁን ወይስ የጫካ?

ነባር አባል፦ የጫካ። ኖም ሁሉ ብልህነት ላይ 2 ይጨመርለታል፤ ለመነኩሴ ግን ብዙም አይፈይድም። የጫካው ቅልጥፍና ላይም 1 ያገኛል። ከምናከፋፍላቸው ቁጥሮች 15ን እዚያ ብናውለው 16 ይሆናል፣ ጥበብ 14 ይግባ። መነኩሴ ጥሩርም ጋሻም ስለማይዝ መከላከያው 10፣ ከቅልጥፍናው 16 የሚገኘው 3 እና ከጥበቡ 14 የሚገኘው 2፣ በድምሩ 15 ነው። ይበቃዋል።

አዲስ አባል፦ እኔን ያሳሰበኝ እርምጃው ነው። ኖም በአንድ ተራ 25 ጫማ ብቻ ነው የሚሄደው። ጀማሪው ጓደኞቹ ጥለውት ሲሄዱ እንዳይከፋው።

የጨዋታ መሪ፦ አይዞሽ፣ መነኩሴ ከ2ኛ ደረጃ ጀምሮ 10 ጫማ ይጨመርለታል። 35 ሆነ ማለት ነው፣ ከሰው ይበልጣል።

አዲስ አባል፦ እንግዲያው መነኩሴ ከሚመርጣቸው የሥልጠና መንገዶች የጥላ መንገድን ይከተል። ድምፅ ሳያሰማ የሚሄድ ኖም ደስ ይላል።

የጨዋታ መሪ፦ ደስስ ይላል፤ ግን የጥላ መንገድ ከሚሰጠው አንዱ ትንሿ የምትሐት አስማት ናት፣ የጫካ ኖም ደግሞ ከልደቱ ያውቃታል። ስጦታው ባከነ። የተከፈተ እጅ መንገድ ይሻለዋል። ኦገር (ግዙፍ ጭራቅ) በር ላይ ቆሟል እንበል። ኖሙ መትቶ አንድ የኪ (የመነኩሴ ውስጣዊ ኃይል) ነጥብ ይከፍልና ሁለት ቡጢ ይጨምራል። ከሁለቱ አንዱ ካረፈ ኦገሩ አጸፋ እንዳይሰነዝር ማድረግ ይችላል። ኦገር ከኖም በሁለት የመጠን ደረጃ ስለሚበልጥ ደንቡ በእግሮቹ መሀል ሾልኮ እንዲያልፍ ይፈቅድለታል። እርምጃው እዚያ ላይ እጥፍ ይቆጠርበታል፣ ሲያልፍ ግን የሚመታው የለም። ጀማሪ ይህን አንዴ ካደረገ ጨዋታውን አይተውም።

አዲስ አባል፦ አሳመንከኝ።

ነባር አባል፦ ስለ ጠባዩ አንድ ነገር አደራ። ኖም ሲባል ቀልደኛ ማድረግ ይቀናናል፤ ይህኛው እንዲያ እንዳይሆን። አስማት ብልህነቱን፣ ጥበቡን ወይም ግርማውን ሲፈትን ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ የተሻለውን ይይዛል። ሌላው ሲደነግጥና ሲታለል እሱ ረግቶ ይቆማል ማለት ነው። ጠባዩ ከዚህ ይነሳ።

ጸሐፊ፦ መዝግቤዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1978ቱ የጨዋታው ደንብ መጽሐፍ መነኩሴ መሆን የሚችለው ሰው ብቻ እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ግን ማንኛውም ዘር የፈለገውን ሙያ እንዲይዝ እንደፈቀደ በአንድ መስመር ላስገባ?

ሰብሳቢ፦ ይግባ፣ ከጀርባው ገጽ ላይ። ፊት ለፊት የሚያስፈልገው ብቻ ይቀመጥ፦ ጽናት 13፣ የሕይወት ነጥብ 21፣ ኪ 3። የኦገሩንም ምሳሌ ጸሐፊያችን እንዳለ ይገልብጠው። ስሙን ክፍት እንተወው፣ የሚጫወተው ሰው ያውጣለት።