«ጾታ»፣ «ና» እና «ነይ»፣ «ሆዴ ባባ»

ስለ ጾታ ማንነትና ስለ ፍቅር ለሚጻፍ ግጥም በአማርኛ የትኛው ቃል እንደሚስማማ ለጠየቁን አባል፣ ከደብረ ማርቆስ ይህን እጽፋለሁ።

«ጾታ» ዛሬ ወንድነትንና ሴትነትን ብቻ የሚያመለክት ቢመስለንም፣ በግእዝ ወገን፣ ክፍል፣ ዓይነት ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ካህናትን፣ ወንዶችንና ሴቶችን «ሦስቱ ጾታ ምእመናን» ብላ የምትቆጥረውም በዚህ ፍቺው ነው።

ከስሙ ይልቅ ግን ግሱ ብዙ ያስተምረናል። «ወደድሁ»፣ «ፈራሁ»፣ «አለቀስሁ» ያለ ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከግሱ አይታወቅም፤ የሚለየው ሌላ ሰው «ና» ወይም «ነይ» ብሎ ሲጠራው ነው። ገጣሚው አዲስ ቃል መፍጠር ሳያስፈልገው በዚህ ሊጠቀም እንደሚችል ለማሳየት እኔ እንዲህ ሞክሬአለሁ፦

ብቻዬን ሳወራ እኔ ነኝ እኔው ነኝ፤
«ና» እና «ነይ» ናቸው ደጅ ላይ የከፈሉኝ።

ኅብሩ፣ ማለትም ሁለት ፍቺ የያዘው ቃል፣ «ከፈሉኝ» የሚለው ነው። ሰሙ፣ ላይ ላዩን የሚሰማው ፍቺ፣ ለሁለት መክፈል ሲሆን፣ ወርቁ፣ የተሰወረው ፍቺ፣ ዋጋ መክፈል ነው፤ ተናጋሪው ከሰው ያገኘው ዋጋ ያው መከፈሉ ሆነ ማለት ነው። ዋሸራንና ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ መንገድ እንግዳ አይሆንበትም።

መጠሪያው ሁልጊዜ ይጎዳል ማለቴ ግን አይደለም። ቢቸና የነበረችው አያቴ ወንድሜን ስታባብለው «ነይ፣ ምን ሆንሽብኝ?» ትለው ነበር፤ እኅቴንም ስታሞግሳት «አንተ ጎበዝ!» ትላት ነበር፣ ሁለቱም በዚህ ደስ ይላቸው ነበር። ያንኑ ወንድሜን ገበያ ላይ «ሴታሴት» ያለው ሰው ግን አንገቱን አስደፍቶታል። ግጥሙ የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይመስለኛል።

በፍቅር ልቡ ተጋልጦ በቀላሉ ለሚጎዳ ሰው ስሜት ደግሞ፣ «ተጋላጭነት» የሚለው ለበሽታና ለድርቅ የምንጠቀምበት የሪፖርት ቃል ስለሆነ ለግጥም አልመርጠውም። ሆድ የሚያውቃቸው ቃላት አሉን፦ «ሆደ ቡቡ» የሰውየው ጠባይ ነው፤ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ምክንያቱ በግልጽ ያልታወቀ የብቸኝነት ስሜት ነው፤ «አንጀቴን በላኝ» ደግሞ የተመልካቹ እንጂ የተጎጂው ቃል አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ግን ይቀላቀላሉ። ለጠየቁት ግጥም እኔ የምመርጠው «ሆዴ ባባ» የሚለውን ነው፤ ምክንያቱም በዚህ አነጋገር የግሱ ባለቤት ሆድ በመሆኑ፣ ተናጋሪው ወንድነቱን ወይም ሴትነቱን ሳይጠየቅ ስሜቱን መናገር ይችላል።