የኦዲተር ማኔጅመንት ሌተር ደርሶን ተጨንቀናል፣ የውስጥ ቁጥጥሩን ከየት እንጀምር?

ደብተር ያዥ፦
ሰላም የሙያ ጓዶች፣ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ። የግንባታ ዕቃ አስመጥቶ የሚያከፋፍል ፒኤልሲ ውስጥ የፋይናንስ ኃላፊ ሆኜ የገባሁት በቅርቡ ነው፣ የሰኔ 30ው ኦዲት አለቀና ማኔጅመንት ሌተሩ (ኦዲተሮች ያገኙትን የቁጥጥር ድክመት የሚጽፉበት ደብዳቤ) እጄ ገባ፣ ኦፒኒየኑ ኳሊፋይድ ነው (ሒሳቡ ከአንድ ጉዳይ በስተቀር ትክክል ነው የሚል)፣ በዛ ላይ ሌተሩ መዓት ነው። ባንክ ሪኮንሲሌሽን (የኛን መዝገብ ከባንክ ስቴትመንት ጋር ማስታረቅ) ለወራት አልተሰራም፣ የተሰራውንም የሰራው ቼክ የሚያዘጋጀው ልጅ ራሱ ነው። ጆርናል ቫውቸር (ጄቪ፣ ሒሳብ ከአካውንት ወደ አካውንት የሚዞርበት ሰነድ) ላይ የአዘጋጅ እንጂ የአጽዳቂ ፊርማ የለም። ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌራችን) ላይ ሁሉም የሚገባው በአንድ ዩዘር ነው። የስቶር ቆጠራው ከሌጀሩ (ከሒሳብ መዝገቡ) ጋር አይገጥምም፣ ጉድስ ኢን ትራንዚት (ጂአይቲ፣ ገና መንገድ ላይ ያለ ዕቃ የሚያዝበት አካውንት) ላይ ደግሞ የየትኛው ዕቃ እንደሆነ የማይታወቅ ትልቅ ባላንስ ተንጠልጥሏል (ኳሊፋይ ያደረጉንም በሱ ነው)።

ሥራ አስኪያጁ "ማኑዋል አጽፊና ጨርሺው፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንዳይደገም" ብሎኛል። ክፍሉ ከኔ ጋር አራት ሰው ነው፣ ካሼሯ፣ ሁለት አካውንታንት፣ እኔ። ትምህርት ቤት እንደተማርነው ሥራ ልከፋፍል ብል ሰው አይበቃኝም፣ ሰው ቅጠሩ ብል በጀት የለም። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ በናታችሁ።

የኦዲት ሰው፦
አይዞሽ እህቴ፣ ይሄ ሌተር የድርጅት ስም ብቻ እየቀየርን የምንጽፈው ነው የሚመስለው፣ ያልደረሰው የለም። ማኑዋሉን ለጊዜው ተይው። እኛን ያስቸገረን ማኑዋል የሌለው ድርጅት አይደለም፣ ለኮንሰልታንት ከፍሎ አጽፎ ሼልፍ ላይ የደረደረው ነው።

መጀመሪያ እያንዳንዱን ፋይንዲንግ (ሌተሩ ላይ የተጻፈ ድክመት) ይዘሽ ለምን ሆነ በይ። ሪኮንሲሌሽኑ ለምን ዘገየ? ልጁ ሥራ በዝቶበት ነው፣ የባንክ ቅርንጫፎች ስቴትመንት በጊዜ ስለማይልኩ ነው ወይስ ደንበኛ አካውንት ላይ ብር አስገብቶ ማን እንዳስገባ ስለማይታወቅ ነው? ምክንያቱን ሳታውቂ "በየወሩ ይሰራል" ብለሽ ምላሽ ብትጽፊ በሚቀጥለው ዓመት ያው ፋይንዲንግ ነው ሚጠብቅሽ።

ሥራ መከፋፈል ሲባል ደግሞ ሃምሳ ሠራተኛ ይኑርሽ ማለት አይደለም። የሚፈቅደው፣ ብሩን የሚይዘው፣ የሚመዘግበውና የሚያስታርቀው አንድ ሰው አይሁን ነው። በአራት ሰው ይሆናል፣ ካሼሯ ብር ትያዝ ግን አትመዝግብ፣ አንዱ አካውንታንት ክፍያ አዘጋጅቶ ይመዝግብ፣ ክፍያ የማይነካው ሌላው ያስታርቅ፣ አንቺ አይተሽ ፈርሚ። ስቴትመንቱ ከባንክ ቀጥታ ላንቺ ይምጣ እንጂ በካሼሯ በኩል አይዙር። ስትፈርሚ ቀን ጻፊበት፣ የቆየ ቼክ ካለ አክብቢበት፣ ጥያቄሽንም መልሱንም እዛው ተይው። ፊርማ ብቻ ስናይ እኛ አናምንም፣ የአስራ ሁለቱም ወር ሪኮንሲሌሽን በአንድ እስክሪብቶ ባንድ ቀን የተፈረመ እንደሆነ እኮ ያስታውቃል ሃሃ።

ላንድድ ኮስት፦
ከላይ ባለው ወንድሜ ሐሳብ እስማማለሁ፣ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። ባንኩ ቀላሉ ነው፣ ኳሊፋይድ ያስባላችሁ ጂአይቲው ከሆነ ከሱ ነው መጀመር ያለብሽ።

አስመጪ ቤት የሠራ ያውቀዋል። ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ሲከፈት ማርጂኑ (ባንኩ ቀድሞ የሚይዘው ብር)፣ የባንክ ኮሚሽኑ፣ ኢንሹራንሱ፣ የባሕር ጭነቱ፣ ከዛ ቀረጡ፣ የትራንዚተሩ (የጉምሩክ አስፈጻሚው) ክፍያ፣ ኮንቴነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ከቆየ ዲመሬጁ (የመዘግየት ክፍያው)፣ ሁሉም እዛች አካውንት ውስጥ ይወረወራል፣ ዕቃው ግን ስቶር ገብቶ ተሽጦ ብሩም ተበልቶ አልቋል፣ ዶክመንት አልተሟላም እየተባለ ኮስቱ ሳይሰራ ይከርማል። ሽያጩ ተመዝግቧል፣ ዕቃው በሒሳብ ገና ጅቡቲ ነው። ስለዚህ ትርፉ ይጋነናል፣ በተጋነነ ትርፍ ላይ ደግሞ ግብር ትከፍላላችሁ፣ ይሄን ለሥራ አስኪያጁ ንገሪውና ፊቱን እይው። ሌላም አለ፣ ጉምሩክ ላይ የከፈላችሁት ቫትና ዊዝሆልዲንግ (ቀድሞ የሚያዝ የገቢ ግብር) እዛው ተደምሮ እንዳይሆን ፈትሺ፣ እነሱ የሚካካሱ ናቸው እንጂ የዕቃ ዋጋ አይደሉም፣ ብዙ ቤት አይቼዋለሁ።

እኔ ብሆን ለእያንዳንዱ ጭነት የራሱ ንዑስ አካውንትና ፋይል እከፍታለሁ፣ የኤልሲ ቁጥሩና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቁጥሩ የተጻፈበት። ስቶር ኪፐሩ ዕቃ የተረከበበትን ሰነድ ኮፒ በዛው ቀን ፋይናንስ ያድርስ። ወር ሲያልቅ የጂአይቲ ዝርዝር በጭነት በጭነት ይውጣና ከመረከቢያ ሰነዶቹ ጋር ይታይ፣ ስቶር ገብቶ እዛ የቀረ ካለ ያልመጣውን ወጪ በግምት አክሩ አድርገሽ (ገና ያልተከፈለ ዕዳ ብለሽ መዝግበሽ) ዝጊው፣ ልዩነቱ ኢንቮይሱ ሲመጣ ይስተካከላል። የድሮውን ባላንስ በተመለከተ ግን አንዱን አካውንታንት ከሌላ ሥራ አውጥተሽ ከአሮጌው ጀምሮ ፋይል በፋይል ካላስቆፈርሽው በስተቀር አቋራጭ የለውም።

ቆጠራውን ሰኔ 30 ብቻ ጠብቃችሁ አትቁጠሩ፣ ውድ ውድ የሆኑትን በየወሩ እየመረጣችሁ ቁጠሩ። ቆጣሪው ስቶር ኪፐሩ አይሁን፣ ወረቀቱ ላይም የሌጀሩ ብዛት አይጻፍበት፣ ከተጻፈ ሰው ቁጥሩን ገልብጦ ነው የሚመልስልሽ። የመጨረሻውን የመረከቢያና የወጪ ሰነድ ቁጥር ደግሞ ቆጠራው ቀን መዝግቢ፣ አለዚያ የትኛው ሽያጭ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ስትከራከሩ ትከርማላችሁ።

ሰፊው ከቨርጂኒያ፦
እኔ እዚህ አሜሪካ ሼራቸው ገበያ ላይ ያለ ኩባንያዎች ጋር ይሄንኑ ሥራ ነው የምሰራው። እዚህ ሶክስ (ሳርቤንስ-ኦክስሊ) የሚሉት የ2002 ሕግ አለ፣ ክፍል 404 ማኔጅመንቱ የራሱን ቁጥጥር በየዓመቱ እንዲገመግም ያስገድዳል፣ ማቴሪያል ዊክነስ (ትልቅ የሒሳብ ስህተት ሊያሳልፍ የሚችል የቁጥጥር ድክመት) ካለ ለባለሀብቱ በግልጽ መጻፍ ግዴታ ነው። እናንተን አይመለከታችሁም ግን አሠራሩ ይጠቅማል።

አንደኛ ጆርናል ቫውቸሩን አትናቁት። ዎርልድኮምን፣ የአሜሪካውን የስልክ ኩባንያ ታስታውሳላችሁ፣ 2002 ላይ መጀመሪያ የወጣው ቁጥር 3.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር፣ ዘዴው ግን ምንም ረቂቅ ነገር የለውም፣ ለሌሎች የስልክ ኩባንያዎች የሚከፈለውን የመስመር ወጪ በጆርናል ኢንትሪ ወደ ንብረት ማዞር ነው፣ በቂ ደጋፊ ሰነድ ሳይኖረው። የደረሱበት እነ ሲንቲያ ኩፐር ናቸው፣ የራሱ የኩባንያው የውስጥ ኦዲተሮች። እናንተ ቤት አጽዳቂ የሌለው ጄቪ ማንም ምንም ሊያዞርበት ይችላል ማለት ነው። ሁሉንም ባታዪ እንኳ ከተወሰነ ብር በላይ የሆነውን፣ ወር ከተዘጋ በኋላ የገባውንና ከደመወዝና ከእርጅና ቅናሽ ውጭ ያለውን ራስሽ እዪ።

ሁለተኛ "አስተካክለናል" ማለት ብቻውን አይዘጋውም። ቁጥጥሩ ለበቂ ጊዜ ሠርቶ፣ ከዛ ሥራው ውስጥ የሌለ ሰው ናሙና አውጥቶ ፈትሾ ሲያልፍ ነው የሚዘጋው። ወርኃዊ ነገር ግንቦት ላይ ብትጀምሪ ለሰኔ የምታሳዪው የለሽም፣ ስለዚህ አሁኑኑ። እያንዳንዱ ፋይንዲንግ ባለቤት ይኑረው፣ ስሙ ያለበት ሰው፣ "ፋይናንስ ክፍል" ተብሎ የተጻፈ ማንንም አይመለከትም።

ደብተር ያዥ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጂአይቲውን ነገ እጀምራለሁ። ግን ሌተሩ ላይ ያልገቡ ሁለት ነገሮች አሉ፣ ኦዲተሮቹ አላዩትም። ሥራ አስኪያጁ ባለድርሻም ነው፣ አንዳንዴ ከካሽ ራሱ ይወስዳል፣ ካሼሯ እሺ ከማለት ሌላ ምን ታድርግ፣ ወረቀት የሚቆረጠው በኋላ ነው፣ አንዳንዴም አይቆረጥም። ኢንተርኔት ባንኪንጉ ላይ ደግሞ ካሼሯ ሜከር (ክፍያውን አዘጋጅ) እሱ ቼከር (አጽዳቂ) ነው፣ ነገር ግን ውጭ አገር ሲመላለስ ሥራ እንዳይቆም ብሎ ቶከኑንም (የማጽደቂያ ኮድ የሚሰጠውን መሣሪያ) ፒኑንም ለሷ ሰጥቷታል። እንዴት ብዬ ልንገረው?

ጋሽ ባላንስ፦
ልጄ እንዲህ ዓይነቱን ብዙ ጊዜ አይቻለሁና ልናገር። ኦዲተሮቹ አላዩትም ብለሽ አትደሰቺ፣ ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ከላይ ያለው ሰው እንደልቡ ከወሰደ ታች ያለው ቁጥጥር ሁሉ ለታይታ ነው።

"አትውሰድ" አትበይው፣ አይሰማሽም። "በወሰድክበት ቀን ፈርም፣ ከባለድርሻ የሚፈለግ ብዬ ልያዘው" በይው። በአይኤፍአርኤስ (በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) ከባለድርሻ ጋር ያለ ግብይት ይፋ መደረግ ያለበት ነው፣ እናንተም የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ 847 ከመጣ ወዲህ በዛ ነው ሪፖርት የምታቀርቡት፣ ስለዚህ የግል ጸብ አታስመስዪው፣ ደንቡ ነው በይው። ወር ሲያልቅ ዝርዝሩን አስፈርሚው። ሌሎች ባለድርሻዎች ካሉ ደግሞ አንድ ቀን ሲጠይቁ ወረቀቱ የሚያድነው እሱን ነው፣ ይሄንን ስትነግሪው ይገባዋል። ባንክ ብድር የሚጠይቅ ሰው ከሆነም ኳሊፋይድ ሪፖርት ይዞ ሲሄድ ምን እንደሚሉት ያውቃል።

ፒችትሪው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ዩዘርና ፓስወርድ ስጪ፣ ካሼሯ ሌጀር ውስጥ አትግባ፣ የአድሚኑ ፓስወርድ ክፍያ የሚመዘግበው ልጅ ጋ አይሁን። ቨርዥናችሁ ኦዲት ትሬይል (ማን ምን እንደመዘገበና እንደቀየረ የሚያሳይ ዝርዝር) የሚያወጣ ከሆነ በየወሩ አትሚና የተሰረዙትንና የተቀየሩትን እዪ።

ቶከኑን ግን ዛሬውኑ። ካሼሯ መልአክ ብትሆን እንኳ አንድ ብር ቢጎድል ራሷን የምትከላከልበት ነገር የላትም፣ ለሷም ብለሽ ነው። ሥራ አስኪያጁ በሌለበት የሚያጸድቅ ሁለተኛ ቼከር በደብዳቤ ለባንኩ ይወከል፣ ምክትሉ ወይ አንቺ፣ ሪኮንሲሌሽኑን የምታጸድቂው አንቺ ስለሆንሽ ምክትሉ ቢሆን ይሻላል። ደብዳቤው ከገባ በኋላ አሮጌው ፒን መቀየሩን ባንኩ ሄደሽ አረጋግጪ።