«ማን ያየዋል?» የድሮ ስሎት ካር ሞተር ይታደስ ወይስ ይቀየር?

የፒያሳው፦
ትናንት ማታ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ እዚሁ ላውጣው። ባለ ሳጥኑ ወንድማችን የአባቱን ስሎት ካሮች ይዞልን መጥቶ ነበር። ላልነበራችሁት፣ የመጫወቻ መንገዳቸው መሃል ያለውን ስንጥቅ ይዘው በኤሌክትሪክ የሚሮጡ፣ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የሚረዝሙ መኪኖች ናቸው። አባቱ ድሮ አስመራ፣ ቃኘው ስቴሽን የሚባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሲሰሩ ከአሜሪካኖቹ ያገኟቸው ናቸው። አንዷ ትሄዳለች። ሌላዋ ሞታለች። ሳጥኑን ለሰፈሩ የወጣት ማዕከል ሊሰጥ ነው፤ በጥምቀት ሰሞን ልጆች እንዲጫወቱበት። ደስ ብሎን ስናወራ አዘዞ 12 ምን አለ? «ሁለት ብሎን ነው። ፍታና ከስር አዲስ ሞተር አስገባ። ማን ያየዋል?»

ማን ያየዋል! እኔ አየዋለሁ።

አዘዞ 12፦
ቃሌን ካወጣህ ሙሉውን አውጣ። ያልኩት ለልጆቹ ብዬ ነው። ማዕከሉ ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚሰለፍ ታውቃለህ? ስልሳ ዓመት የሞላው ሞተር ያንን ሁሉ አይችልም። ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ይቆማል። ልጅ ደግሞ የቆመ መኪና አይወድም። አካሉ ያው፣ ቀለሙ ያው። ልጁ የሚያየው እሱን ነው።

ቁስቋም፦
ጎንደር ተወልደህ «ማን ያየዋል» ትላለህ? ጣሊያን የፋሲል ግቢን ሲጠግን በሲሚንቶ ነው የጠገነው። አባቶቻችን በኖራ የገነቡትን! ሲሚንቶ እርጥበት አፍኖ ይይዛል፤ የሚጎዳው ድንጋዩን ነው። በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ወደ ኖራ ተመለሱ። ከድንጋዩ ጀርባ ያለው አይታይም፤ ግንቡን የሚያቆመው ግን እሱ ነው።

አዘዞ 12፦
ፋሲልን እዚህ አታስገባብኝ። ግቢው በፈረንጆች 1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ይቺ የፕላስቲክ መጫወቻ ናት። መጫወቻ ደግሞ የተሰራው ለመጫወት ነው።

የማራኪዋ፦
ሁለታችሁም «ሞተሩ፣ ሞተሩ» ትላላችሁ፤ መኪናዋን ገልብጣችሁ ያያችሁ ግን አይመስለኝም። እኔ ትናንት የምትሄደዋን ፈትቼ አየኋት። ተንደርጀት የሚባለው ዓይነት ናት፤ አውሮራ የተባለው የአሜሪካ መጫወቻ ፋብሪካ በፈረንጆች 1963 ያወጣው። የሷ ሞተር እንደ ሌሎቹ በቆርቆሮ ታሽጎ ለብቻው የተቀመጠ አይደለም። ኢንዱቶው፣ ማለትም ሽቦ የተጠመጠመበት የሚዞረው ክፍል፣ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ነው፤ ዘንጉ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከላይ ትንንሽ ጥርሶች ዙረቱን እየተቀባበሉ እስከ ኋላ ጎማ ያደርሱታል። ማግኔቶቹ ሻሲው ላይ ከፊትና ከኋላ ተሰክተዋል። ኤሌክትሪኩን ለኢንዱቶው የሚያቀብሉት ካርቦኖች ከስር ናቸው። ማለትም ሻሲው ራሱ ሞተር ነው። «ሞተሩን ቀይሩ» ማለት ከላይ ያለውን ቅርፊት አስቀርታችሁ መኪናዋን ጣሏት ማለት ነው። ይሄ ይታወቅ።

የፒያሳው፦
እግዜር ይስጥሽ። አዘዞ፣ አሁን «ማን ያየዋል» ያልከው መኪናውን በሙሉ ነው!

አዘዞ 12፦
እሺ፣ ፋብሪካው ራሱስ? በፈረንጆች 1971 ኤኤፍኤክስ የሚባለውን አዲስ ዓይነት አወጣ። በ1974 ደግሞ ማግኔቱን መንገዱ ላይ ወዳለው የብረት ሀዲድ ዝቅ አድርጎ፣ መኪናው መታጠፊያ ላይ እንዳይወጣ ሀዲዱን እንዲስብ አደረገው። ስሙንም «ማግና ትራክሽን» አለው። ሰሪው «የድሮው አይነካ» ብሎ አልተቀመጠም። ሰሪው ያሻሻለውን እኛ ብናሻሽል ሃጢአቱ ምንድን ነው?

ቁስቋም፦
ፋብሪካው አዲስ መኪና ሰራ። የሰው አባት የተወውን ፈትቶ ግን አልጣለም።

ሳሙና በር፦
እኔ መካከለኛ ሐሳብ አለኝ። ሻሲው ይቆይ፣ ኢንዱቶውም ይቆይ። ማግኔቱን ብቻ አውጥታችሁ ኒዮዲሚየም የሚባለውን ጠንካራ ማግኔት አስገቡ። የድሮው ማግኔት ደክሞ ይሆናል። መጀመሪያ ግን ሁሉንም በቤንዚን እጠቡት።

የማራኪዋ፦
ኧረ በፈጠራችሁ፣ ቤንዚን አታስነኩት! ፕላስቲኩን ይበላዋል። ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በጥጥ ይበቃል፤ እሱም ካርቦኖቹ ለሚነኩት መዳብ እንጂ ለቀለሙ አይደለም። በመዳቡ ቁርጥራጮች መሃል ያለውን ጥቁር የካርቦን ብናኝ ደግሞ በስንጥር ታወጡታላችሁ። እሱ ከተጠራቀመ አንዱን ከአንዱ ያገናኛል፣ ሞተሩ ይሞቃል።

ማግኔቱን በተመለከተ፣ ይሄ ሴራሚክ ነው። በእድሜ ብቻ እምብዛም አይደክምም። በጣም ጠንካራ ማግኔት ስታስገባ ደግሞ ጉልበት ታገኛለህ፣ የመጨረሻው ፍጥነት ግን ይቀንሳል። ብዙ ሰው የተገላቢጦሽ ይመስለዋል። ማግኔቱ የደከመ ሞተር ሳይጫንበት ይፈጥናል፤ ስትጭንበት ነው ሙቀቱና ድካሙ የሚታየው። ስለዚህ «ፈጠነ» ማለት «ዳነ» ማለት አይደለም።

ሳሙና በር፦
ቤንዚኑን ተውኩት። ማግኔቱን ግን አልተውኩም።

አውቶፓርኮ ጠምጣሚ፦
ልጆቼ፣ እኔ ሞተር ስጠመጥም ነው ያረጀሁት። የወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የመኪና ሞተሪኖ። ኢንዱቶ ተቃጠለ ተብሎ አይጣልም፤ ይጠመጠማል። ይሄኛው ሽቦ የሚጠመጠምበት ሶስት ክንድ ነው ያለው። አሮጌውን ሽቦ ስትፈቱ ዙሩን አንድ በአንድ ትቆጥራላችሁ። ውፍረቱን ትለካላችሁ። ሶስቱ ክንዶች እኩል ካልሆኑ ሲዞር ይንቀጠቀጣል፣ ካርቦኑንም ይበላል። ከዚያ ቫርኒሽ ነው፣ ከዚያ ማድረቅ ነው።

አዘዞ 12፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምጠይቅዎት። የወፍጮ ሽቦና የዚች ሽቦ አንድ ነው እንዴ? ይሄ እኮ የፀጉር ያህል ነው።

አውቶፓርኮ ጠምጣሚ፦
ፀጉር መሆኑን አይቻለሁ ልጄ። የሬዲዮ ትራንስፎርመር በዚሁ እጄ ጠምጥሜያለሁ። አይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ማጉያ መስታወት እፈልጋለሁ። እጄ ግን አይንቀጠቀጥም።

ቁስቋም፦
ይኸው! እጅ ያለው ሰው አውቶፓርኮ ቁጭ ብሎ እያለ ከውጭ ሻሲ እናዝዛለን? እሳቸው ያልነኩት የጎንደር ወፍጮ የት አለ?

አዘዞ 12፦
ጋሼን ማን ነካ? ጋሼን እኔም አከብራለሁ፤ የአባቴን ፓምፕ ሁለት ጊዜ ያዳኑ እሳቸው ናቸው። እኔ ያልኩት ልጆች ይጠብቃሉ ነው። ለአንድ ኢንዱቶ ስንት ቀን ይፈጃል?

የማራኪዋ፦
ባለ ሳጥኑ፣ አንድ ጥያቄ። ሁለተኛዋ የሞተችው መቼ ነው? ለመኪኖቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ትራንስፎርመርስ የት ሰክተኸው ነበር?

ባለ ሳጥኑ፦
ባለፈው ሳምንት ነው፣ ቤት ውስጥ። ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ትራንስፎርመሩ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። መኪናዋ እንደ ጥይት ተፈተለከች። ሁለት ዙር ዞረች፣ ሶስተኛው ላይ ቆመች። የተቃጠለ ሽታ ነበረው። እርጅና መስሎኝ ነበር። ያቺኛዋን በባትሪ ስለሞከርኳት ተረፈች።

የማራኪዋ፦
እንደፈራሁት ነው። ትራንስፎርመሩ ጀርባ ላይ 120 ቮልት ይላል። የአሜሪካ ነው። የኛ ግድግዳ 220 ነው። 20 ቮልት ገደማ ማግኘት ያለባት መኪና እጥፍ ግድም ሰጥተሃታል። እርጅና አይደለም የገደላት። እንግዲህ ማንም ሰው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ሳያገኝ ያንን ሶኬት እንዳይነካው። ማዕከሉ ጋ ሲሄድም ይሄ በትልቁ ይጻፍበት። ለልጆቹም አደጋ ነው።

የፒያሳው፦
አዘዞ፣ ሰማህ? «ስልሳ ዓመት የሞላው አይችልም» ስትል ነበር። ችሎ ኖሯል! ያልቻለው የኛን ግድግዳ ነው። አዲሱን ሻሲ ብታስገባበትም በዚያ ሶኬት ይቃጠል ነበር።

አዘዞ 12፦
ይሄን እቀበላለሁ። የሞተበት ምክንያት ግን ቢለያይም የሞተ የሞተ ነው። አሁንም ሁለት ብሎን ነው።

ባለ ሳጥኑ፦
የሞተችዋን አሁን ፈታኋት። ሁለቱን ብሎን ነው ያወጣሁት፣ ሌላ አልነካሁም። አንድ ነገር አየሁ። ከካርቦኖቹ ስር ሁለት የመዳብ ልሳኖች አሉ፣ ካርቦኑን ወደ ላይ የሚገፉት። አንደኛው የፋብሪካ ነው። ሌላኛው ግን ወፍራም ነው፣ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ነው። ከእጅ ባትሪ ውስጥ የሚወጣው ዓይነት መዳብ ነው። አባቴ የቆረጠው ነው። የሳጥኑ ክዳን ላይ ደግሞ በእጁ ጽሁፍ «የስፌት መኪና ዘይት፣ በመርፌ ጫፍ፣ አንድ ጠብታ» ይላል። ይሄን አንብቤ አላውቅም ነበር።

አዘዞ 12፦
በቃ! አባትህ ራሳቸው ቀይረውታል። «ኦርጅናል፣ ኦርጅናል» ስትሉ የነበረው መጀመሪያውኑ ኦርጅናል አይደለም። እሳቸው ከባትሪ ቆርጠው ካስገቡ እኔ ሙሉውን ባስገባ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ቁስቋም፦
ልዩነቱ እሳቸው የጎደለውን ብቻ መሙላታቸው ነው። የዳነውን አልጣሉም። አንተ ግን ያችን የመዳብ ልሳን ጭምር ቆሻሻ ውስጥ ልትጥል ነው።

ሳሙና በር፦
ታዲያ ሁለቱን ለዩአቸው። የምትሄደዋ እንዳለች ለማሳያ ትሁን። የተቃጠለችዋ አዲስ ሻሲ ይግባላትና ልጆች ይጫወቱባት።

የፒያሳው፦
የአባቱ እጅ ያለው የተቃጠለችዋ ላይ ነው! አላነበብክም?

አውቶፓርኮ ጠምጣሚ፦
ዘይቱን በተመለከተ አባትየው ልክ ናቸው። ሰው ዘይት ሲያበዛ ከካርቦኑ ብናኝ ጋር ይቦካና ጭቃ ይሆናል። ብዙ ሞተር የገደለው ድርቀት አይደለም፣ ይሄ ጭቃ ነው። እኒህ ሰው ያውቁ ነበር።

የማራኪዋ፦
እስካሁን የተቃጠለችዋን ማንም አለካትም። የምትሄደዋን በቴስተር አይቻታለሁ፤ የሽቦዋ መቋቋም ሶስቱም ቦታ 16 ኦም አካባቢ ነው። የሌላዋ ሶስቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ሽቦው ደህና ነው ማለት ይቻላል፤ ካርቦን ወይም ቆሻሻ ነው። አንዱ በጣም ከለየ ጥምጠማ ነው። ሳይለካ ሻሲ ማዘዝም፣ ሽቦ መፍታትም አይገባም።

አዘዞ 12፦
ሻሲውን አዝዣለሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለኝ። ማዕከሉ ካልፈለገው ለልጄ ይሆናል።

ቁስቋም፦
ሳይለካ?

አዘዞ 12፦
አዎ፣ ሳይለካ። ለጥምቀት የቀረው ቀን ትንሽ ነው። ከተጠመጠመ እሰየው፤ ካልሆነ ልጆቹ ባዶ ሀዲድ ከበው አይቆሙም።

ባለ ሳጥኑ፦
ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት እኛ ቤት። ኢንዱቶውን የሚያወጡት ጋሼ ናቸው። የመዳቧን ልሳን ግን ማንም እንዳያቃናት፣ እንደታጠፈች ትቆይ። ቴስተርና ማጉያ ያለው ይዞ ይምጣ።

አዘዞ 12፦
ቴስተሩን እኔ አመጣለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።