ደንገጎ ዳገት ላይ የሚጠፋ የሞተር ጉልበት

በሥራዬ ምክንያት ከድሬዳዋ ሐረር በሳምንት ሦስት ጊዜ እመላለሳለሁ። መኪናዬ ከሰባት ወር በፊት ከነዋስትናዋ በአዲስነቷ የተገዛች፣ 11,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደች፣ ቤንዚን በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ሞተር ያላት ናት። ሜዳ ላይ እንከን የላትም፤ ነገር ግን በቀትር ሙቀት የደንገጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስወጣ፣ በአምስት ጉዞ አንድ ጊዜ ያህል ጉልበቷ በድንገት ይወድቃል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ የሞተር ምልክቱም ይበራል። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ከኋላዬ የጭነት መኪና እየተከተለኝ፣ በተለይም ልጆቼ አብረውኝ ሳሉ ይህ ሲደርስ እጅግ ያስፈራኛል። ዳር ይዤ አጥፍቼ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሳስነሳት ግን ምንም እንዳልነካት ትሄዳለች።

እዚህ ድሬዳዋ በኮምፒውተር ስትመረመር የነዳጅ ግፊት ማነስን የሚያመለክተው ፒ0087 የተባለው ኮድ ተገኘ። ካንዴላዎቹንና የነዳጅ ፊልትሮውን አስቀየርሁ፣ ማደያም ለወጥሁ፤ ለውጥ የለም። በማለዳ አንድም ጊዜ ስላልደረሰብኝ ሙቀቱን እጠረጥራለሁ። አዲስ አበባ የሚገኘው የሻጩ ጋራዥ ሁለት ቀን አቆይቶ ችግሩ ስላልታየው መለሰልኝ፤ ማስረጃ ካላቀረብሁም በዋስትናው ምንም ዕቃ እንደማይቀይር ነገረኝ።

አሁን የሞተሩን ንባብ በስልክ ላይ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ገዝቻለሁ። ጥፋቱ የታንኩ ፓምፕ፣ የከፍተኛ ግፊቱ ፓምፕ ወይስ የግፊት ሴንሰሩ መሆኑን ለመለየት፣ ዳገቱ ላይ የትኞቹን ንባቦች ልመዝግብ?